ያልተቆጠረችው ኳስ

ሰው ያስቀየመውን ይቅርታ የሚጠይቀው ፊት ለፊት ቆሞ ነው። ጭልፊት ግን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መነጽር ቤት ገብቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ የለመነው ሚስማር ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ጋውን ነበር።

«አኩርፈሽኛል፣ አውቃለሁ» አለው ጋውኑን። «እውነትሽን ነው። ግን ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ እህል አልቀመስኩም። ኧረ ባክሽ አንድ ቃል እንኳ መልሺልኝ!»

ጋውኑ ዝም። በላዩ ጣል የተደረገው አረንጓዴ ሻርፕም ዝም።

የጋውኑና የሻርፑ ባለቤት ከኋላው በሩ ላይ ቆማለች። ለጎረቤቱ ልብስ ሰፊ የተጠገነ መነጽሩን አድርሳ መመለሷ ነው። የሰማችውን ጆሮዋ ቢቀበለውም ያየችውን ዓይኗ እምቢ አለ። ከዚያ ደሟ ፈላ። ሦስት ሳምንት ድምፁን አጥፍቶ ከርሞ ዛሬ ሊቀልድባት መጣ?

«ጨርሰሃል?» አለችው። «ወይስ ለወንበሩም የምትነግረው አለ?»

ጭልፊት ክው ብሎ ዞረ። ወደ ድምፁ አየ፣ ወደ ጋውኑ አየ፣ እንደገና ወደ ድምፁ አየ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። የእሷም ንዴት መንገድ ላይ የቀረው ያኔ ነው። የሚቀልድ ሰው እንዲህ አይደነግጥም።

ጭልፊት ማን ነው ለሚል፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ከተማ ፀጉር ቤት የገባ ወንድ ሁሉ ምላጭ አንገቱ ላይ እንዳለ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ «ጭልፊት ይበልጣል ወይስ አካፋይ?» ብልህ ሰው ፀጉሩ ተቆርጦ እስኪያልቅ መልስ አይሰጥም። ሁለቱም የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ናቸው። ጭልፊት ለፈትል ፋብሪካው ክለብ ይጫወታል፤ እንጀራውም እዚያው ማሸጊያ ክፍል ነው። ኳስ እጁ ከገባች አበቃ፤ ብቻውን ይዟት ይበራል፣ ብቻውን ያስገባታል፣ በአንድ ጨዋታ ሠላሳ ነጥብ ለእሱ ምንም አይደለም። አራቱ ጓደኞቹ አብረውት የሚሮጡት ላብ እንዲወጣቸው ብቻ ይመስላል። አካፋይ ደግሞ የባቡር ክለብ አምበል ነው። እሱ ስምንት ነጥብ ካገባ ብዙ ነው፤ ነገር ግን እሱ ባለበት ሜዳ ኳስ ሳይደርሰው የሚውል ሰው የለም። ስሙም የወጣለት በዚሁ ነው።

መነጽር ሠሪዋ የአካፋይ እህት ናት። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሌንስ ትሞርዳለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳው ዳር ካለው ጠረጴዛ ተቀምጣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ነጥብና ጥፋት ትመዘግባለች። የወንድሟን ጥፋት እንኳ አታስቀርም፤ ለዚህም ሁለቱም ወገን ያከብራታል። ከስምንት ወር በፊት የጭልፊትን አራተኛ ጥፋት በቁጥር ሰሌዳ ከፍ አድርጋ ስታሳይ፣ ጠረጴዛው ድረስ መጥቶ «ከአንቺ እጅ ከሆነ አምስተኛውንም እቀበላለሁ» አላት። አምስተኛው ከሜዳ ያስወጣል። ሳቋን ለመደበቅ መዝገቡ ላይ አቀረቀረች። ከዚያ ወዲህ ቀና ያለች ቢመስላትም ልቧ እዚያው እንዳቀረቀረ ቀረ።

አባቷ ነገሩን የሰሙ ዕለት ቤቱ ቀውጢ ሆነ። የባቡር ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆነው ጡረታ የወጡ፣ የባቡር ክለብንም ሃያ ዓመት ያሰለጠኑ ሰው ናቸው። የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ ለልጃቸው አንሶባቸው ነው ብሎ ሰው አማቸው፤ የእሳቸው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። «ኳስ መስጠት የማይሆንለት ሰው ትዳር እንዴት ይሆንለታል?» ይላሉ። «ቤት ማለት ማቀበል ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል!» በዚህ ላይ የእጃቸው ነገር አለ። አምና ከጨዋታ በኋላ፣ ምንም ቢሆን ጎበዝ ጎበዝ ነው ብለው፣ ከአሥር እርምጃ ላይ ሆነው ሕዝብ እያየ እጃቸውን ዘረጉለት። ጭልፊት ቀና ብሎ አያቸውና ፊቱን አዙሮ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባ። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ በዚያ ቤት የሚጠራው በእርግማን ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ጭልፊት ሰኞ ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ትልቅ ክለብ ሊሄድ ነው። አብረሽኝ ነይ ብሏታል። አባቷን አስቀይማ መሄድ አልሆነላትም፤ እሱን መተውም አልሆነላትም። ስለዚህ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከግማሽ ፍጻሜው ዋዜማ፣ «አባዬ ነገ ያያል፤ ለእኔ ስትል አንዲት ኳስ፣ አንዲት ብቻ አቀብል» ብላ ለመነችው። «አልችልም» አላት። እሷ የሰማችው «አልፈልግም» የሚለውን ነው። በማግስቱ ጭራሮ የሚሉት ቀጭኑ ረጅሙ ጓደኛው ሁለት እጁን ሰቅሎ ባዶ ቦታ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲጣራ፣ ጭልፊት በሦስት ሰው መሀል ገብቶ ራሱ አስቆጠረ። ማታ ደብዳቤ ጻፈችለት። «የአንዲት ኳስ ያህል እንኳ አልከብድህም ማለት ነው» የሚል ነበረበት። ከዚያ ወዲህ የተያዩት ዛሬ ነው፤ ጋውኑ መሀል ባይገባ ኖሮ።

አሁን ምንም ሳትናገር አልፋው ሄዳ ከወዲያኛው ግድግዳ፣ ከፊደል ሰሌዳው ሥር ቆመች።

«ስንት ጣት ነው?» አለችው።

ጭልፊት ዓይኑን አጨነቆረ። «…ሦስት?»

«እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።»

መንገድ ላይ አንድ ብስክሌት ደወሉን አንቃጭሎ አለፈ። ጭልፊት በእጁ እየዳበሰ የመመርመሪያውን ወንበር አገኘና እንደተያዘ ሌባ ተቀመጠበት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው፤ እየባሰ የመጣው ግን ኋላ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ የወጣቶች ፍጻሜ ደረስን። አንድ ነጥብ እየመራን፣ ጥቂት ሴኮንድ ሲቀር፣ አንድ እንደ እኛ ግራጫ የለበሰ ጓደኛዬ ባዶ ቦታ ላይ ቆሞ አየሁት። አቀበልኩት። ደግሞ እንዴት አድርጌ! ልክ ደረቱ ላይ!» ጉሮሮውን ጠረገ። «ዳኛው ነበር።»

ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም፤ ሳቋ አመለጣት። እሱም ከእሷ ጋር ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ወረደ።

«የእነሱ ሳቅ እንዲህ አልነበረም» አለ። «ሜዳው በሙሉ ነው የሳቀው። ዋንጫውም ሄደ። ከዚያ ወዲያ በደንብ ላላየሁት ሰው ኳስ አልሰጥም ብዬ ማልኩ። ቅርጫቱ አይንቀሳቀስም፤ ከየትኛው መስመር ስንት እርምጃ እንደሆነ በልቤ አውቀዋለሁ። ሰው ነው የሚንቀሳቀሰው። ሰዎች ትዕቢተኛ አሉኝ። ትዕቢተኛ መባል ዕውር ከመባል ይሻላል ብዬ ተቀበልኩት።»

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይኸው ነው። በአንድ ቀን ሳቅ የተነሳ ይህን ሁሉ ዓመት ብቻውን ሲሮጥ ኖረ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ…» አለች መነጽር ሠሪዋ። «ወደ እኔ ታይ ነበር እኮ።»

«ጠረጴዛው የት እንዳለ አውቃለሁ። አንቺም እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ። ስለዚህ ወደዚያ አያለሁ።»

«ስስቅልህስ?»

ጭልፊት ቀና አለ። «ትስቂልኝ ነበር?»

ስምንት ወር ሙሉ። ነጥብ ባገባ ቁጥር ወንድሟ እንዳያይ በመዝገቡ ጫፍ ተከልላ ትስቅለት ነበር። እሱ ድንጋይ መስሎ ሲያያት፣ ጥንቁቅ ነው፣ ስሜን መጠበቁ ነው እያለች ራሷን ታጽናና ነበር። ደብዳቤዋን አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ሲያነብ ደግሞ ወረቀቱ ላይ የቀረ ሽታዋን የሚያሸት መስሏት ስንቴ ሆዷ ባብቷል! ድንገት ሌላ ነገር ትዝ አላት።

«አምና አባቴ እጁን ሲዘረጋልህስ?»

«የምን እጅ?» አለ ጭልፊት።

አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ የሆነውን ነገረችው። ጭልፊት ግን ሁለቱንም እጆቿን ይዞ አስማላት። ቅዳሜ ፍጻሜውን ለማየት የአዲሱ ክለብ ሰዎች ይመጣሉ፤ ዓይኑን ካወቁ ሰኞ የሚባል ነገር የለም። ለአባትሽም፣ ለወንድምሽም፣ ለማንም እንዳትናገሪ አላት። በፊደል ሰሌዳው ዓይኑን መርምራ መነጽር ልሥራልህ ብትለው «ሥሪው፣ ግን አደርገዋለሁ ብዬ ቃል አልገባም፤ ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ ነው» ብሎ ወጣ። ሆድ ይፍጀው ብላ ቃል ሰጠችው። በሩ ሲዘጋ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደማትጠላው ብቻ ሳይሆን፣ አንድም ቀን ልትጠላው እንዳልቻለች ገባትና ጋውኑን አቅፋ አለቀሰች።

* * *

ዓርብን ሙሉ ሌንስ ስትሞርድ ዋለች። የሩቁን ለማያይ ሰው፣ ማይነስ ስድስት ከሩብ፣ ሁለቱም ዓይን። የመነጽር ቤቱ ባለቤት ቅንድባቸው ሳይቀር የሸበተ አዛውንት ናቸው፤ ከመሳቢያ ሥር አንድ አሮጌ የስፖርት ፍሬም ፈልገው አወጡላት። በጆሮ ፋንታ ከኋላ በሰፊ ላስቲክ የሚታሰር ነው።

«ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።»

«የማይሰበረውን ሌንስ አድርጊበት። ጠርዙንም አለስልሺው፤ የወንድምሽ ክርን ሲያርፍበት ቅንድቡን እንዳይቆርጠው።» ከዚያ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

መነጽሩን በሳጥኑ አድርጋ፣ አጭር ደብዳቤ አጥፋ ከላዩ አስቀመጠችና ሥራ ሲለቀቅ ፋብሪካው በር ላይ ጠብቃ እጁ ላይ አኖረችለት። አፍንጫው ሥር አስጠግቶ እንዲያነበው ፊደሉን አላተለቀችም፤ እንደወትሮው ይሁን ብላ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ግዴታ አይደለም። ብታደርገውም ባታደርገውም እኔ ያው ነኝ። ግን እኔን አንድ ቀን በወጉ ሳታየኝ ‹አብረሽኝ ነይ› አትበለኝ።»

ማታ ራት ላይ አባቷ የጨው ዕቃውን፣ ማንኪያውንና አራት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ ደርድረው ለወንድሟ የነገውን ጨዋታ ያስረዳሉ።

«ጓደኞቹን እርሷቸው» አሉ፤ ብርጭቆዎቹን ወደ ዳር ገፍተው። «ሁለት፣ ሲያስፈልግም ሦስት ሆናችሁ እሱን ክበቡት። እሱ እንደሆነ አይሰጥም! ስጥ ቢሉት እጁ የሚደርቅ ይመስለዋል።»

አካፋይ የጨው ዕቃውን እያሽከረከረ «እኔ እኮ አንዳንዴ እቀናበታለሁ አባዬ» አለ። «እሱ በሦስት ሰው መሀል ሲያልፍ አይተኸዋል? እኔ የማቀብለው ደግ ስለሆንኩ ብቻ መሰለህ? ብቻዬን ማለፍ ስለማልችልም ነው።»

«ምን ይቀናበታል! ዓይኑን ግንባር ያድርገውና! የአባቱን እኩያ እጅ እያየ ጥሎ የሄደ ሰው!»

መነጽር ሠሪዋን ትን አላት። ወንድሟ ጀርባዋን ሲመታላት አባቷ ውሃ ቀዱላት። አንድ ቃል፣ አንዲት ቃል ብቻ ብትናገር ይህ ሁሉ ቂም እዚሁ ማዕድ ላይ ያበቃ ነበር። አባቷ ሲያጠፉ ብትስቅባቸው አብረው የሚስቁ፣ ተሳስተው ሲገኙ «ጉድ ነው!» ብለው የሚረቱ ሰው ናቸው። ግን ቃሉ የእሷ አልነበረም።

«ደህና ነሽ ልጄ?» አሉ አባቷ፤ በድንገት ድምፃቸው ለሰለሰ። «ባስከፋሽም ላንቺው ብዬ ነው። ሰኞ እንዳታለቅሺ ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለች። ማወቋ ነበር ይበልጥ የከበዳት።

* * *

ቅዳሜ ሜዳው ጢም ብሏል። ግማሹ የባቡርን ሰማያዊ፣ ግማሹ የፈትልን ቢጫ ለብሶ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ ይጮኻል። መነጽር ሠሪዋ ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት እርሳስ ቀርጻ አስቀመጠች። አባቷ ከፊት ለፊቷ ካለው ወገን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል።

ጭልፊት ያለ መነጽር ገባ።

እሷም እርሳሷን አንስታ የማሊያ ቁጥሩን መዘገበች። ቃል አልገባም ነበር፤ ምን ልትለው ትችላለች? ጨዋታው እንደተፈራው ሄደ። ሰማያዊዎቹ ጓደኞቹን ባዶ ሜዳ ላይ ትተው እሱን ከበቡት። እሱም ገብቶ ወጥቶ፣ ወድቆ ተነስቶ ሃያ አንድ ነጥብ አስቆጠረ፤ ሌሎቹ አራቱ ተጠራቅመው ስምንት። ጭራሮ ሁለት እጁን ሰቅሎ ሰቅሎ ሲደክመው ወገቡን ይዞ ቆመ። እረፍት ሲሆን የባቡር ክለብ በአሥራ አንድ ነጥብ ይመራ ነበር። ጭልፊት ወደ ልብስ መቀየሪያው ሲሄድ በጠረጴዛው በኩል አለፈ፤ ወደ እሷም አየ፤ ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ግን አላወቀም። እሷም የትኛውን እያደረገች እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

ከእረፍት ሲመለሱ መጀመሪያ የሰማችው ሳቁን ነው።

ከበሩ በኩል ተነሳና እንደ ጎርፍ ሜዳውን ሞላው። «መምህሬ!» አለ አንዱ። «ሰሌዳውን ላጥፋልዎ?» አለ ሌላው። ጭልፊት በዚያ ትልቅ መነጽር፣ በዚያ ሰፊ ላስቲክ ጆሮው ጎብጦ፣ መሀል ሜዳ ላይ ቆሟል። የሚስቀውን ሕዝብ ቀስ ብሎ፣ ከረድፍ ወደ ረድፍ ያየዋል። እንደሚፈራው አልነበረም። ለካ ሳቅ ፊት አለው፤ አንዱ ጥርሱ ወልቋል፣ አንዷ ልጇን አንገቷ ላይ አስቀምጣለች፣ አብዛኞቹ የሚስቁት ስለተመቻቸው ብቻ ነው። ከዚያ ጭራሮን አየው፣ የራሱን ጓደኛ፣ ዓመቱን ሙሉ አጠገቡ የሮጠውን ሰው።

«አንተ፣ ጺም አለህ እንዴ?» አለው። ጭራሮ ጺሙን ዳበሰ።

ኳስ ከዳር መወርወር ነበረባቸው፤ ወርዋሪው ጭልፊት፣ ቦታው ደግሞ ልክ ከጠረጴዛው ፊት። ዳኛው ኳሱን ሰጠው። የሚወረውርበት አምስት ሴኮንድ ነው፤ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። ጭልፊት ኳሱን ይዞ ዞር አለና አያት።

ከአራት እርምጃ ርቀት ላይ፣ እርሳስ ይዛ፣ ከግንባሯ የወረደ ጥቂት ፀጉር ጉንጯ ላይ ተለጥፎ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ ትስቅለት ነበር። ስምንት ወር ሙሉ እንደዚህ ነበር ለካ። አየ፣ አየ፣ ደግሞ አየ። ጓደኞቹ «ወርውር እንጂ!» እያሉ ይጮኹበታል። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። አምስት ሴኮንድ አልፏል፤ ኳሱ ለባቡር ክለብ።

«ይቅርታ» አለ ጭልፊት፣ ለዳኛው ይሁን ለእሷ ሳይታወቅ። ዛሬ ግን ይቅርታው የደረሰው ለትክክለኛው ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዚያ ከተማ ፀጉር ቤቶች እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። ጭልፊት መጀመሪያ ሁለቴ ተሳሳተ፤ አዲስ ዓይን ልማድ ይጠይቃል። ከዚያ አንዷን ኳስ በሁለት ሰው መሀል አሾልኮ ለጭራሮ ሰጠው። ጭራሮ ከመደንገጡ የተነሳ ሊጥላት ነበር፤ ግን አስገባት። ሁለተኛዋን ሰጠ፣ ሦስተኛዋን ሰጠ። ሰማያዊዎቹ ግራ ገባቸው። እሱን ሲከቡ ሌሎቹ ያገባሉ፣ ሌሎቹን ሲይዙ እሱ ይበራል። አካፋይ ላቡን በክንዱ እየጠረገ አለፈና «ይህን ከየት አመጣኸው?» አለው። ጭልፊት «ከእህትህ» አለ። አካፋይ ወደ ጠረጴዛው፣ ከዚያ ወደ መነጽሩ አየና ነገሩ ሁሉ ገባው። ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው።

ስድስት ሴኮንድ ሲቀር ባቡር ሰባ አንድ፣ ፈትል ሰባ።

ኳሱ ከጭልፊት ጋር ነው። ተነስቶ ዘለለ፤ አካፋይና ሌላ አንድ ሰው አብረውት ዘለሉ። የሚወድደው ቦታ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ እንኳ ከአሥር ስድስቱን ያስገባል። የአዲሱ ክለብ ሰዎች ከወንበራቸው ጫፍ ደርሰዋል። እሱ ግን አየር ላይ ሆኖ ጭራሮን አየው፤ ከቅርጫቱ በስተግራ፣ ብቻውን፣ ሁለት እጁን ሰቅሎ። ሰጠው። ደረቱ ላይ፣ እንዴት አድርጎ!

ጭራሮ ወረወረ። ኳሷ የቅርጫቱን ቀለበት ዞረች፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ወደ ውጭ ወደቀች። ሰዓቱ ጮኸ።

ቢጫ የለበሰው ሁሉ ራሱን ያዘ። «ምነው ራሱ በመታት!» አለ ሰዉ በአንድ አፍ። ጭራሮ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ። ጭልፊት ሄዶ በብብቱ ሥር ይዞ አነሳው። «አይዞህ» ሲለው ከጠረጴዛው ይሰማል። «አንተ ዳኛ አይደለህም፤ ለእኔ ይበቃኛል።» እየሳቀ ነበር። ዋንጫ አጥቶ እንዲህ ሲስቅ ስታየው፣ የዓመታት ሸክም ከትከሻው እንደወረደለት ገባትና የእሷም ትከሻ አብሮ ቀለላት።

* * *

ግርግሩ ሲረግብ መነጽር ሠሪዋ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል ጥላ አረፈበት። አባቷ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ዋንጫ ተሸክሞ እየተጨፈረለት፣ እሳቸው ግን ወደዚያ አልሄዱም።

«የዚያን ልጅ አሳዪኝ» አሉ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየነዱ ሄዱ። «ለነጥብ ያቀበለው ስንት ይላል?»

«ሦስት።»

«አራት ነው።»

«የመጨረሻዋ እኮ አልገባችም አባዬ። ያልገባች አትቆጠርም።»

«ሕጉን እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አሉ አባቷ። መዝገቡን አዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው «እኔ ቆጥሬያታለሁ» አሉ።

አባቷ ግን አልጨረሱም። «ያ መነጽር የአንቺ ሥራ ነው?»

ራሷን ነቀነቀች። አሁን ምስጢር የሚባል አልቀረም፤ ባለቤቱ ራሱ አደባባይ አውጥቶታል።

«ከዚያ በፊት ምን ያህል ያይ ነበር?»

«አሥር እርምጃ ላይ ያለን ሰው፣ ሰው መሆኑን ብቻ ነው የሚለየው አባዬ። ፊቱን አያይም።» ትንፋሽ ወሰደች። «እጁንም አያይም።»

አባቷ ቀኝ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። ዓመት ሙሉ ማዕድ ላይ ሲረግሙት የኖሩት ሰው፣ ርግማናቸው ሳይደርሰው በፊትም ዓይኑ ታሞ ነበር። «ጉድ ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው።

ከዚያ ዞሩ። ጭልፊት ከወዲያኛው ቅርጫት ሥር ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ቆሟል፤ አሥር እርምጃ ቢሆን ነው፣ ምናልባትም አሥራ ሁለት። አባቷ አልተጣሩም። ወደ እሱም አንድ እርምጃ አልሄዱም። ባሉበት ቆመው ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።

መነጽር ሠሪዋ እርሳሱን በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሿን ያዘች።

ጭልፊት ቀና አለ። ፎጣውን ከአንገቱ አውርዶ ለጭራሮ ሰጠና ቀጥ ብሎ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። ላብ የነካ እጁን በቁምጣው ጠርጎ፣ ጎንበስ ብሎ የአባቷን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ። «ቆየሁብዎ።»

«ቆየህ» አሉ አባቷ፣ እጁን ሳይለቁ። «አምና የዘረጋሁት እጅ ነው እኮ። ደከመኝ።»